ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው አባ ኮዳ

ቅዳሜ ጠዋት ሊድስ ውስጥ ከአልጋ ሳልወርድ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነው። ስድስት ሆነን ያለንበት የዋትስአፕ ግሩፕ አለን፣ ሁለቱን እስካሁን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም ግን ጓሯቸው ውስጥ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ አውቀዋለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ግቢሽ ውስጥ ወይ መንገድ ላይ ያየሽውን አበባ፣ ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ ምንም ይሁን ምን አንስተሽ ትልኪያለሽ፣ በቃ። ሰልፊ የለም፣ ፖለቲካ የለም። አንዱ ጽጌረዳ ላይ ያረፈች ንብ ይልካል፣ አንዷ ደግሞ ሌሊት ቆሻሻ ሊበረብር በሯ ድረስ የመጣ ቀበሮ ትልካለች፣ እዚህ አገር ቀበሮ ከተማ መሀል እንደ ድመት ነው የሚዞረው።

ግሩፑ ውስጥ ያስገቡኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ሴትዮ። ከማዘጋጃ ቤት የተከራዩት የአትክልት ቦታ አላቸው፣ ይሄ እዚህ የቆየ ልማድ ነው፣ ሰው በዓመት ትንሽ ገንዘብ እየከፈለ ድንችና ጎመን የሚተክልበት ቁራሽ መሬት ይይዛል፣ ሙሉው 250 ካሬ ገደማ ነው ግን ብዙ ሰው ግማሹን ነው የሚወስደው። የመጣሁ ሰሞን ብርዱ ሲገባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልምና እኔም አብሬ ጭልም እል ነበር፣ እና እሳቸው ናቸው በራፌን አንኳኩተው ነይ ድንች እንቆፍር ብለው ያወጡኝ። ስንቆፍር አንዲት ደረቷ ቀይ የሆነች ሚጢጢ ወፍ መጥታ የአካፋው እጀታ ላይ ታርፋለች፣ አፈሩ ሲገለበጥ የሚወጣውን ትል ፈልጋ ነው፣ ሴትዮዋ ያኔ ሥራቸውን ትተው ድምፃቸውን አጥፍተው ይቆማሉ። ለአንዲት ወፍ ሲሉ ሥራ የሚያቆሙ ሰው ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የወፍ ቆጠራ አለ። አር ኤስ ፒ ቢ የሚባለው የወፍ ጥበቃ ማህበር በፈረንጆቹ 1979 ለልጆች ብሎ የጀመረው ነው፣ አሁን ትልቅ ትንሹ ይቆጥራል። መስኮትሽ ጋ ሻይሽን ይዘሽ አንድ ሰዓት ትቀመጫለሽ፣ ግቢሽ ውስጥ ያረፈውን ትጽፊያለሽ፣ ያው ወፍ ሄዶ ሊመለስ ስለሚችል ደምረሽ ሳይሆን በአንድ ጊዜ አብረው ያየሻቸውን ትልቁን ቁጥር ነው የምትጽፊው። ቀላል ይመስላል አይደል፣ ግን ድንቢጥ፣ ያቺ የትም ያለች የምትመስለን ድንቢጥ፣ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ በእንግሊዞቹ ግቢ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰች የታወቀው በዚህ ሻይ እየጠጡ በተቆጠረ ቁጥር ነው። ማንም ባይቆጥር ኖሮ ድሮ ድንቢጥ ይበዛ ነበር የሚል የሽማግሌ ወሬ ሆኖ ነበር የሚቀረው።

ስለ ጭልፊቱ ልንገራችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ከሊድስ ወጣ ብሎ ያለ ሄርዉድ የሚባል ቦታ ወሰዱኝ። ሰማዩ ላይ ጅራቱ ሹካ የሆነ ቀላ ያለ ጭልፊት ይዞራል፣ ሰው መኪናውን እያቆመ ወርዶ ያያል፣ አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እያሳየ ነበር። እኔ ደግሞ ጭልፊት ነው እኮ ብዬ በሆዴ ተገረምኩ፣ ሀዋሳ ሥጋ ቤት ሁሉ ራስ ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት። በኋላ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ፣ ይሄ ወፍ ድሮ ለንደን መሀል መንገድ ላይ ጥራጊ ይለቅም ነበር፣ ከዛ ዶሮና ጫጩት ይሰርቃል እየተባለ በመርዝም በጥይትም ሲገደል ኖሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከእንግሊዝ ምድር ጠፋ፣ ዌልስ ተራሮች ውስጥ ጥቂት ብቻ ተረፉ። የመመለሱ ሥራ በፈረንጆቹ 1989 ገደማ ተጀምሮ ቺልተርንስ የሚባል ቦታ ከስፔን ጫጩት አምጥተው ለቀቁ፣ ሄርዉድ ደግሞ በ1999 ተለቀቀ። በኋላ ደግሞ ተራው ዞሮ ስፔን ቁጥሩ ስለቀነሰባት ከ2022 ጀምሮ ጫጩት ከእንግሊዝ ወደ ስፔን ተልኳል። አጥፍተው፣ ቆጭቷቸው፣ በአውሮፕላን ጭነው የመለሱት ወፍ ስለሆነ ነው መኪና አቁመው የሚያዩት።

ይሄን ይዤ ነው ባለፈው ዓመት ለአንድ ወር ሀዋሳ የገባሁት፣ ያረፍኩት እህቴ ጋ አቶቴ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ግቢ ወጥቼ ቆምኩ። እትዬ ግቢ ምን አለ መሰላችሁ፣ አቮካዶ አለ፣ ጥግ ላይ ሦስት እግር እንሰት አለ፣ በር አጠገብ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የተተከለ ጽጌረዳ፣ አጥሩን ሙሉ የሸፈነ ሐምራዊ ቡጋንቪላ። እትዬ ጠዋት ከምትበላው እንጀራ ጫፉን ቆርሳ ሁልጊዜ ለድንቢጦቹ ትበትናለች፣ ለምን እንደምታደርገው ብጠይቃት ደነገጠች፣ ርቧቸው እኮ ነው የመጡት አለችኝ። ከላይ ደግሞ ጭልፊቱ ይዞራል፣ የእኛው ቡናማ ነው፣ መንቆሩ ቢጫ፣ የጅራቱ ሹካ እንደዛኛው አይጎላም እንጂ ዘመዱ ነው፣ እኔ አንገቴን ሰብሬ ሳየው የእህቴ ልጅ መጣና "አክስቴ ምን ጠፍቶሽ ነው?" አለኝ። ጭልፊት እያየሁ ነው ስለው ዝም ብሎ አየኝ። እሱ ጭልፊትን የሚያውቀው ጫጩት ሲነጥቅ ነው፣ እንግሊዞቹም ድሮ የሚያውቁት እንዲሁ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት በባጃጅ አሞራ ገደል ሄድን። አሞራ ገደልን ለምታውቁ ልንገራችሁ አልችልም፣ ለማታውቁ ግን፣ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሳ ገበያ ነው፣ ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ሰብስበው ሲገቡ ቆሮሶው፣ አምባዛው ዳር ላይ ይፈሳል፣ ልጆቹ በቢላ ይልጣሉ፣ ሥጋውን ለገዢ፣ አንጀቱንና ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውራሉ፣ ኋላቸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ትንሽ ልጅ አጠገቡ ቢቆም እኩያ ነው የሚመስለው። ራሱ ላይ ላባ የለውም፣ ጥንብ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲከት ደም እንዳይያዝበት ነው ይባላል፣ አንገቱ ስር የተንጠለጠለችው ከረጢት ናት ኮዳ ያስባለችው። እግሩ ነጭ ይመስላል አይደል፣ ነጭ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ራሱ እግሩ ላይ ይጸዳዳና ያ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፣ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ይሄን ያነበብኩት ሊድስ ቁጭ ብዬ ነው፣ እዛ ያለው ዓሳ የሚልጥ ልጅ ግን "ፀሐይ ሲበረታ እግሩን ያጥባል" ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ነገረኝ። አንዱን አባ ኮዳ ደግሞ በስሙ ነው የሚጠራው፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ስለሆነ ቀድሞ ይወረውርለታል። እውነቱን ለመናገር እኛ ስድስታችን በዓመት የምናውቀውን ያህል ያ ልጅ በአንድ ጠዋት ያውቃል፣ ግን አይጻፍም፣ ፎቶ አይነሳም፣ እሱ ሥራ ሲቀይር እውቀቱም አብሮት ይሄዳል፣ ይሄ ነው ሆዴን የሚበላኝ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ጉሬዛ ጋ ስትሄዱ ዳቦና ብስኩት አትስጡ። ጉሬዛ የሚበላው ቅጠል ነው፣ ሆዱም እንደ ላም ሆድ ተከፋፍሎ ቅጠል የሚያብላላ ነው፣ ስኳርና ዱቄት ያውከዋል። አንዷ እናት ከነልጇ ዛፍ ላይ ነበረች፣ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፣ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው፣ እና ሰው ያቺን ነጭ ጥጥ ለማንሳት ብሎ ብስኩት እያሳየ ያወርዳታል። ታች ቁማችሁ አንሱ፣ ዙም አድርጉ።

ካሜራ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ሐይቅ ዳር አንድ መዝናኛ በር ላይ ጥበቃው በስልክ ይቻላል በካሜራ አይቻልም አለኝ፣ ወፍ ነው የማነሳው ብለው ፈገግ አለ፣ አላመነኝም መሰለኝ። ካሜራውን ቦርሳዬ ከትቼ ሐይቁ ዳር ስሄድ ነው ከፎቶ አንሺው ጋር የተገናኘነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ስትንሸራሸሩ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ላንሳችሁ የሚሏችሁ አሉ አይደል፣ አሁን ሁሉም ስልክ ስላለው ሥራቸው ቀዝቅዟል። ስንት ዓመት ሠራህ ስለው ከ20 ዓመት በላይ አለኝ፣ ሙሽራ፣ ምረቃ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ፣ ስፍር ቁጥር የለውም። ወፍ አንስተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት፣ ትንሽ አሰበና "ለብቻው አንስቼ አላውቅም፣ ግን ያነሳሁት ሰው ሁሉ ጀርባ ላይ አለ" አለኝ።

ያቺን ቃል ይዤ ቤት ገባሁና እትዬን የሠርግሽን አልበም አውጪልኝ አልኳት። 1986 ዓ.ም. ነው የተጋባችው፣ ያ ገጹ የሚጣበቅ፣ ላስቲኩ ሲገለጥ የሚንጫጫ አልበም፣ ፎቶዎቹ ቀልተዋል። ሐይቅ ዳር የተነሱት አሥራ አንድ ናቸው። እስከዛሬ አልበሙን ስናይ የማን ጸጉር እንዴት እንደተሠራ፣ ከሞቱት ውስጥ ማን እንዳለበት ነበር የምናየው፣ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጀርባ አየሁ። እትዬ ቬሎዋን ለብሳ ቆማለች፣ ሚዜዎቿ የወይን ጠጅ ቀለም ለብሰዋል፣ ከትከሻቸው ኋላ ውሃው ድረስ የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ አለ፣ ሾላው ላይ አንድ የጉሬዛ ጅራት እንደ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሏል፣ የተገለበጠ ጀልባ አለ፣ ጀልባው ዙሪያ አባ ኮዳዎች ቆመዋል። በጥፍሬ እየነካሁ ቆጠርኩ፣ ሰባት።

እንግዲህ ቆጣሪ የለንም እያልኩ ስቆጭ የኖርኩት ቆጠራ ተቆጥሮ እትዬ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ቀኑ በሠርጉ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል። ሀዋሳ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያልተነሳ ሙሽራ ማን አለ፣ ስንት ቤት ስንት አልበም አለ፣ በየአልበሙ ቄጠማው የት ድረስ እንደነበር፣ ዛፉ የቱ ጋ እንደነበር፣ ውሃው የት እንደደረሰ አለ። እንግሊዞቹ ወፉን አስበው አነሱት፣ እኛ ሰው ስናነሳ ወፉ አብሮ ገባ፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። እንዲያውም የእኛው ፎቶ አንድ ነገር ይበልጣል ብዬ አስባለሁ፣ ሰውና ወፉ ሳይፈራሩ በአንድ ካርድ ውስጥ አሉ።

ያንን ፎቶ ቅዳሜ ለግሩፑ ላክሁት፣ ሊድስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሀዋሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ ምሳ ላይ ነበርን። ስልኬ መጮህ ጀመረ። የፊት ፎቶ አይላክም የሚለውን ሁሉም ረሳው፣ ጎረቤቴ ሴትዮ ሙሽራዋ ማን ናት፣ እንዴት ታምራለች፣ ያ ረጅሙ ወፍ ምንድነው ብለው ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ላኩ። በአካል ከማላውቃቸው አንዱ ደግሞ ፎቶውን አጉልቶ እኔ ያላየሁትን አገኘ፣ ከጀልባው ኋላ አንገቱ ብቻ የሚታይ ስምንተኛ አባ ኮዳ። እትዬን እንግሊዝ አገር ሰዎች ከቬሎሽ ኋላ ወፍ እየቆጠሩ ነው አልኳት፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ብዙ ዝም አለችና "አንዱ እኮ ቬሎዬን ሊረግጥ መጥቶ ያባረረልኝ አባባ ነው" አለች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ ይሄን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም፣ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው የሰው እጅ የእሱ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ከዛ የሴትዮዋን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኋት፣ ያቺ ደረተ ቀይ ወፍ በረዶ ላይ ቆማ ያለችበት ጋ ስትደርስ እትዬ ስልኩን ተቀበለችኝ። "በዚህ በረዶ ምን ትበላለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ሴትዮዋ የደረቀ ትል ከሱቅ እየገዙ ያስቀምጡላታል ስላት "እግዜር ይስጣቸው በያቸው" አለችኝ፣ እኔም ቃል በቃል ተርጉሜ ጻፍኩላቸው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ፎቶ ሲልኩ ይቺ ለእህትሽ ናት ይላሉ።

ሊድስ ከተመለስኩ በኋላ የእህቴ ልጅ ግሩፑ ውስጥ ገባ፣ ሰባተኛ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የሠርጉን ፎቶ በስልኩ ይዞ እናቱን ሐይቅ ዳር ወሰዳት፣ ሾላውን ፈልጎ አገኘው፣ እዛው ቦታ ላይ አቆማት። እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ ቄጠማው የነበረበት ጋ የሲሚንቶ መቀመጫ አለ፣ መቀመጫው ስር ሁለት የውሃ ፕላስቲክ፣ ከኋላዋ ሁለት አባ ኮዳ፣ ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት። ጎረቤቴ ወዲያው ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው ብለው ጠየቁ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው አለ፣ እንግዲያው ከድሮው ጋር አይወዳደርም፣ ዓሳ የሚገባበት ሰዓት ላይ መሆን አለበት አሉት፣ ልክ ናቸው፣ የሠርጉ ፎቶ ጠዋት ነው የተነሳው፣ ጥላው ያስታውቃል። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ድጋሚ ሊወጡ ተነጋግረዋል፣ ልጁ አላርም ሞልቷል፣ እትዬም ያንኑ ነጠላ ልልበስ ወይስ ልቀይር ብላ በድምፅ ልካብኛለች።