ኳስ በአካል ለማየት የግድ ከሀገር መውጣት አለብን?

ከቢሮዬ እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም ታክሲ አያስፈልግም፤ በእግር ይደረሳል። ይሁን እንጂ የስታዲየሙ በር ተዘግቶ በቆየባቸው በእነዚህ ዓመታት በሰው በተሞላ ሜዳ ተቀምጬ እግር ኳስ የተመለከትኩት በሥራ ምክንያት ከሀገር ስወጣ ብቻ ነው። ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች «ታድለህ!» ይሉኛል። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ የምመለሰው ደስታና ቁጭት ተቀላቅሎብኝ ነው፤ ቁጭቱም ጊዜ በጨመረ ቁጥር እየባሰ እንጂ እየቀለለ አልሄደም።

ብዙ ሰው የውጭ ሀገር ጨዋታ ሲባል ወዲያው ለንደንን ወይም ማድሪድን ያስባል። አውሮፓማ ገንዘቡም ልምዱም ሌላ ነው ብሎ ራስን ማጽናናት ይቻላል። እኔን ያንገበገበኝ ዳሬሰላም ነው። እዚያ በነበርኩበት ጊዜ የሲምባና የያንጋ ጨዋታ ገጠመኝና ትኬት ቆርጬ ገባሁ። የሁለቱም ክለቦች መሠረት ካሪያኮ የተባለው የገበያ ሰፈር ነው። በዚያን ዕለት በሰፈሩ ሳልፍ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ባጃጅ የሚነዱት፣ ቲማቲም የሚመዝኑት ሁሉ ቀይ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ነበር፤ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሳለ ከተማው ግን ገና ከጠዋቱ ለሁለት ተከፍሎ ይዘፍናል። የቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተና 60,000 ያህል ሰው የሚይዝ ነው። ስገባ ጨዋታው ሊጀመር ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ሰዉ ግን ሞልቷል፤ ከበሮው በአንድ ወገን ሲመታ ከማዶ ያለው ወገን በዘፈን ይመልስለታል።

በቴሌቪዥን የማይታየው ነገር እዚያ ሲቀመጡ ይታያል። ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ነው፤ በአካል የተገኘ ሰው ግን ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ሳለች የመስመር ተጫዋቹ ከተከላካዩ ጀርባ መሮጥ ሲጀምር ያያል፤ ከጎኑ ያሉት ሰዎችም ስለሚያዩት መቀመጫው በሙሉ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ብድግ ይላል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከታች በኩል የቆመች ኦቾሎኒ ሻጭ በወረቀት የጠቀለለችውን ኦቾሎኒ ወደ ላይ ትሰጣለች፤ ጥቅሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከእኔ ሁለት ረድፍ በላይ ላለ ጎረምሳ ይደርሳል፤ ብሩ በዚያው መንገድ ይወርዳል፤ መልሱ ደግሞ እንደገና ይወጣል። ከሚያቀባብሉት ውስጥ ግማሹ ቀይ ለባሽ፣ ግማሹ ቢጫ ለባሽ ነበር፤ አንድ ሳንቲም ግን አልጎደለም። ያን ጊዜ ካታንጋ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫ፣ ትዝ አለኝ። የሱፍና የቆሎ ሒሳብ እኛም ዘንድ በዚህ መንገድ ነበር የሚደርሰው፤ የማታውቀው ሰው ብርህን ተቀብሎ ያስተላልፋል፣ መልስህንም ያመጣልሃል፣ አንተም ለሌላው ታስተላልፋለህ።

ስታዲየማችን የራሱ ሰፈሮች ነበሩት። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ እያልን ስንጠራቸው እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ዜማና የራሱ አስጨፋሪ ነበረው። ኢትዮጵያ ቡናና ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚገናኙበት በሸገር ደርቢ ቀን የቡና ደጋፊ በቡናማና በቢጫ፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ በቢጫና በብርቱካናማ ለብሶ ከየሰፈሩ ሲመጣ ከፒያሳ እስከ ለገሐር ያለው መንገድ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የያንጋ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም አራዳ ላይ የተመሠረተው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ነው። እኩያሞች ናቸው። የአንዱ ደጋፊ ዛሬም በገዛ ከተማው ተቀምጦ ይዘፍናል፤ የሌላው ደጋፊ ግን ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ በመጫወት መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ክለቡን ለማየት ብዙ ጊዜ ወደ አዳማ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ድሬዳዋ መሳፈር ነበረበት። ለአንድ ጨዋታ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ አውጥቶ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ የሚሄድ ደጋፊ አለ፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለአንድ የሀገር ውስጥ ሊግ ጨዋታ ከአንድ የወር ደመወዝተኛ ሊጠየቅ የሚገባው አይደለም።

የብሔራዊ ቡድኑ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሀገራችንን ሜዳዎች ከመስፈርት በታች ናቸው ብሎ ካገደ በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ይዘው በአህጉሩ ሲንከራተቱ አየን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ ጌታነህ ከበደ አቻ ያደረገን ጎል እዚያ ተቆጠረ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው። በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. ዲሞክራቲክ ኮንጎን የተቀበልነው እኔ የሲምባንና የያንጋን ጨዋታ ባየሁበት በዚያው የዳሬሰላም ስታዲየም ነው። የግብፁን ጨዋታ አስቡት። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎሎቹን ሲያገቡ እኔ አንድ ካፌ ውስጥ በቁሜ ስክሪን እያየሁ ነበር። ጩኸታችን ከካፌው በር አልፎ አስፋልቱን ሳይሻገር ጠፋ። ያ ጨዋታ እዚሁ ቢሆን ኖሮ ድምፁ እስከ ካዛንቺስ በተሰማ ነበር። ከግብፅ ጋር እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ አይገኝም፤ የተገኘው ቀንም በሰው ሀገር አለፈ።

እንዲህ ስል ያለፈውን እያሳመርኩ እንዳይመስል፣ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በገጠምንበት ዕለት ሰልፉ የተጀመረው ሳይነጋ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለመጣን ሁለት ጎል ያስፈልገን ነበር። በሚስማር ተራ ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ የተቀመጠ ሰው፣ በራሱ ላይ ጋዜጣ አጥፎ የደፋ፣ ጎረቤቱን ውኃ የሚያጠጣ፣ ለማያውቀው ሽማግሌ ቦታ የሚለቅ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ከበሩ ስንወጣ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ ያለቅስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም፤ ፊቱን ግን ዛሬም አልረሳሁትም።

አሁን ያለው አማራጭ ምንድን ነው? ዲኤስቲቪ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከስታዲየሙ ዙሪያ ወጣ ብላችሁ ወደ አንዱ ግቡ። መጋረጃው የተዘጋ፣ አየር የሌለው ክፍል ነው፤ የላስቲክ ወንበሮቹ ተጠጋግተው ጉልበት አያዘረጉም። ልጆቹ ዓይናቸው በስክሪኑ ላይ፣ እጃቸው በቤቲንግ ወረቀቱ ላይ ነው። አንዱ የሚጮኸው ቡድኑ ስላገባ ሳይሆን የኮርነሩ ቁጥር ስለሞላለት ነው፤ ሌላው የሚወደው ክለብ አሸንፎ እያለ ወረቀቱ ስለተቃጠለበት ይሳደባል። ልጆቹን አልወቅስም፤ መዋያ የነፈግናቸው እኛ ነን። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተጠባባቂው በቃሉ ይዘረዝራል። በስታዲየሙ አጥር በኩል ስናልፍ ግን ካታንጋ የትኛው ወገን እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት፤ የሚታየው ግን የግንቡ ጀርባ ብቻ ነበር።

የሚቀርቡልኝን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ስድብም ድንጋይም በስታዲየማችን እንደነበረ አልክድም፤ ይሁን እንጂ ዳሬሰላም ላይም ሁለት የማይዋደዱ ደጋፊዎች አሉ፤ ፖሊስ አለ፤ ፍተሻ አለ፤ ጨዋታውም ይካሄዳል። ሥርዓት የሚለመደው ሰው እየገባ ነው፤ በርን በመዝጋት ማንም ሥርዓት አልተማረም። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን ይተላለፋሉ፣ ክለቦችም ገንዘብ ያገኛሉ የሚለው ነው። መተላለፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባዶ ወንበር ፊት የሚጫወት ልጅ ምን ዓይነት ተጫዋች ሆኖ ያድጋል? ሃያ ሺህ ሰው ሲጮህበት ኳስ መያዝ ያልለመደ ተጫዋች ካይሮ ወይም ካዛብላንካ ሲሄድ እግሩ ቢተሳሰር የማን ጥፋት ነው? በዚያ ላይ የደጋፊው ድጋፍ ከሌለ የሜዳ ጥቅም የሚባል ነገር የለም፤ ተጋጣሚዎቻችን ግን በየሀገራቸው ይህንን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ይዘው ይጠብቁናል።

ሌላም የማይነሳ ነገር አለ። ስታዲየሙ ዙሪያ ማሊያና ባንዲራ የሚሸጡ፣ ፊት ላይ ቀለም የሚቀቡ፣ ሱፍ ቆልተው በኩባያ የሚሰፍሩ፣ የመኪና መቆሚያ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የጨዋታ ቀን ለእነሱ የገበያ ቀን ነበር። ጨዋታው ሲቀር የእነዚህ ሰዎች ገቢ አብሮ ቀረ፤ ማንም ግን በሪፖርት ውስጥ አልጻፋቸውም። የብሔራዊ ቡድኑ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ፣ ለሰው ሜዳ የሚከፈለው ኪራይም ከዚያው ከስፖርቱ ኪስ ነው የሚወጣው።

ይህ ደግሞ የደረሰው ለእግር ኳስ እንግዳ በሆነች ከተማ ላይ አይደለም። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመሠረት ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣነው እዚሁ ከተማ፣ እዚሁ ስታዲየም ላይ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ካፍን ለ15 ዓመታት መርተዋል። ታንዛኒያ፣ ኬንያና ዩጋንዳ ግን የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ በጋራ እንዲያዘጋጁ ሲመረጡ እኛ ለአንድ የማጣሪያ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ እንለምን ነበር። ጎረቤቶቻችን ስላገኙ አልከፋኝም፤ ደስ ብሎኛል። የሚከፋኝ እነሱ የቻሉትን እኛ ያልቻልንበትን ምክንያት ቀጥ ብሎ የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው። ካፍ የሚጠይቀው ምስጢር አይደለም፤ የመልበሻ ክፍል፣ ደረጃውን የጠበቀ መብራት፣ የተመልካች ወንበር፣ የሕክምናና የሚዲያ ክፍል፣ ጥሩ ሣር ነው። በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረውና 62,000 ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየምም ከተባለለት ጊዜ እጅግ ዘግይቷል። በየጊዜው «በቅርቡ» ሲባል እንሰማለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። የስታዲየሞቹ ግንባታና እድሳት የሚመለከታቸው ሰዎች የትኛው ክፍል እንዳለቀ፣ የትኛው እንደቀረ፣ የቀረውም በምን ምክንያት እንደቀረ በየወሩ በግልጽ ይንገሩን። ለአህጉራዊ ጨዋታ ብቁ ያልሆነ ሜዳ ለሊግ ጨዋታ ብቁ ከሆነ ሁሉም እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በከፊልም ቢሆን ይከፈትልን፤ ካታንጋ ብቻ ቢከፈት እንኳ እንገባለን። ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይግቡ። የከተማችን ክለቦች በከተማቸው ይጫወቱ። የሸገር ደርቢ የሚደረግበት ቀን ከነትኬት ዋጋው አስቀድሞ ይነገረን፤ ሰልፉን እኛ ሳይነጋ እንይዛለን።