የአስታማሚዋ ሒሳብ

ለንደን ውስጥ በመጋዘን ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ፎርክሊፍት እግሩን ጨፍልቆት ሁለት ዓመት ያህል ከሥራ ውጭ ሲውል የኖረው መንግሥት በሚከፍለው ድጎማ ነበር። የካሳው ጉዳይ ሊያልቅ ሲቃረብ ጠበቃው የላከለትን ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። የተቀበላቸው ድጎማዎች በየዓይነታቸው፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተከፈሉ ተዘርዝረው፣ ድምሩ ለመንግሥት ተመላሽ እንደሚሆን ተጽፎበታል። «የእግሬን ዋጋ ሊካፈሉኝ ነው?» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕጉን አብረን አየነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከጥቅምት 1997 ጀምሮ በሚሠራበት የብሪታንያ ሕግ፣ በአደጋው ምክንያት ቢበዛ ለአምስት ዓመት የተከፈለውን ድጎማ ለመንግሥት የሚመልሰው ካሳ ከፋዩ፣ አብዛኛውን ጊዜም የአሠሪው ኢንሹራንስ ነው። ከፋዩ ከተጎጂው ላይ መቀነስ የሚችለው በዓይነቱ ብቻ ነው፤ ለደመወዝ ምትክ የተሰጠው ከቀረ ደመወዝ ካሳ፣ ለእንክብካቤ የተሰጠው ከእንክብካቤ ካሳ ይነሣል። ለሥቃዩ የተቆረጠው ገንዘብ ግን አይነካም። ከዚያ በፊት፣ በዚያው አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ በነበረው አሠራር ግን እሱም ይነካ ነበር፤ የሚታለፈው ከ2,500 ፓውንድ ያልበለጠ ካሳ ብቻ ነበር። ያ ግፍ ነበር እላለሁ፤ የሕመም ዋጋ ከእንጀራ ወጪ ጋር አይካካስም። የአሁኑን ግን ትክክል ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ባይመለስ የአሠሪውን ቸልተኝነት የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ሁሉ ይሆን ነበርና።

አዲስ አበባ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ያቃተው የአክስት ልጅ አለኝ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የጡረታ ዋስትና የሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ቢደርስበት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ከአሠሪው እንዲያገኝ ይደነግጋል። እሱ ግን በቃል የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ነው፤ መቀጠሩን የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለውም። ተቋራጩ የመጀመሪያውን የሆስፒታል ሒሳብ ከፍሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ድጎማውን የከፈለችው እህቱ ናት። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ታገላብጠዋለች፤ ለዚህ ስትል የጉልት ንግዷን ትታለች።

እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ቤተሰብ ያለ ክፍያ ያስታመመበትን ጊዜ እንኳ በገንዘብ ይተምናል፤ ተጎጂውም ያንን ለአስታማሚው በአደራ ይይዛል። የእኛ መንግሥት ለዚህ ልጅ ስላላወጣ ከአሠሪው የሚያስመልሰው የለም፤ ያወጣችው እህቱ ደግሞ ሒሳቧን የሚጽፍላት የለም። የመድኃኒቱን ደረሰኞች ግን በላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሹ ሥር አኑራቸዋለች። ባለፈው ስደውል «ወንድሜ፣ ላቃጥላቸው ይሆን?» አለችኝ። «ይቀመጡ» አልኳት።