ባነሩ ተሰቀለ፣ ስንት ሰው ገባ?

ባለፈው ዓመት እዚህ ሐዋሳ የአንድ የጤና ዘመቻ መዝጊያ ግምገማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዘመቻው ስለ ደም ግፊት የሚያስተምር ድረ ገጽን ለማስተዋወቅ የተደረገ ነው። ሪፖርቱ ተነበበ። ይህን ያህል ባነር ታተመ፣ ይህን ያህል ቲሸርት ታደለ፣ ሬዲዮ ላይ ይህን ያህል ደቂቃ ተነገረ፣ የእግር ጉዞም ተደረገ። ተጨበጨበ። እጄን አወጣሁና «በዚህ ሁሉ ምክንያት ድረ ገጹ ላይ ስንት ሰው ገባ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንዱ «ፌስቡክ ላይ ብዙ ላይክ አግኝተናል» አለኝ።

መልሱ እኔም ጋ አልነበረም። ድረ ገጹን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ፤ የጎብኚ ቆጣሪም አለን። ግን ቆጣሪው የሚነግረን በወሩ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደተገባ ብቻ ነበር። ማን ባነሩን አይቶ፣ ማን ሬዲዮውን ሰምቶ፣ ማን ደግሞ ጓደኛው ሊንክ ልኮለት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ዘመቻው ሲታቀድ ማንም አላሰበበትም፣ ባነሩ ወርዶ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው ጥያቄው የተነሳው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በጊዜው ያልተቆጠረ ነገር በኋላ አይቆጠርም።

ይህን የምጽፈው የቁጥር ፍቅር ይዞኝ አይደለም። አክስቴን ስትሮክ ሲመታት ደም ግፊት እንዳለባት አታውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥም ማንም አያውቅም። ግፊቱ ከፍተኛ የሚባለው 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሰው ምንም ሳይሰማው ዓመታት ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብቃው ይላል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። ይቺን ታህል መረጃ ለሰው ለማድረስ ነው ድረ ገጹ የተሠራው። እንግዲህ መድረሱን ካላወቅን ምን እየሠራን ነው?

በመጀመሪያ ስለ «ሂት» ልበል። ሪፖርት ላይ ይህን ያህል ሺህ ሂት አገኘን የሚል ሳነብ እደነግጣለሁ። ሂት ማለት ሰው ማለት አይደለም። አንድ ገጽ ሲከፈት ፎቶው፣ አርማው፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ሁሉም ለየብቻው ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ይጠራል፤ እያንዳንዱ ጥሪ አንድ ሂት ነው። ገጹ 40 ፋይል ካለው አንዲት እናት አንድ ጊዜ ስትከፍተው 40 ሂት ተመዘገበ ማለት ነው። በዚያ ላይ «ሮቦት» የሚባሉ ገጽ የሚያስሱ የጉግልና የሌሎችም ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይገባሉ። የራሳችን ቢሮ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የራሳቸውን ድረ ገጽ ነው። እነዚህ ሁሉ ተቀንሰው ነው ሰው የሚቆጠረው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስር ሊታዩ ይችላሉ። አንድ ስልክ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ያገለግላል። ስለዚህ ቁጥሩ ግምት ነው። ግን ዛሬም ነገም በአንድ መንገድ ከተቆጠረ ግምቱም ቢሆን መጨመርና መቀነሱን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከዘመቻው በፊት ስንት ነበር የሚለው ነው። ቢያንስ አንድ ወር ምንም ማስታወቂያ ሳይሠራ መቁጠር ያስፈልጋል። አለዚያ ከፍ አለ የምንለው ከምን ተነስቶ ነው? ሳምንት ከሳምንትም አይመሳሰልም። በዓል ሲሆን ሰው ይጠፋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ በፌስቡክ ቅስቀሳ የጀመረ ሰው ጎብኚ ቢያጣ ማስታወቂያው መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጎን ደብተር ይኑር የምለው። ዛሬ ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ፣ ዛሬ ሬዲዮው ሁለት ጊዜ ተናገረ፣ ዛሬ በዓል ነው እየተባለ ቀን በቀን የሚጻፍበት ተራ ደብተር።

ዋናው ሥራ ግን ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የራሱን በር መስጠት ነው። በቴሌግራም የሚላከው ሊንክ፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው፣ ባጃጅ ላይ የምንለጥፈው ስቲከር ላይ ያለው፣ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ኪውአር ኮድ፣ ሁሉም ወደ አንድ ገጽ ያደርሳሉ፤ ነገር ግን ከአድራሻው ጫፍ ላይ እያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ምልክት ይቀጠልለታል። ቆጣሪው ያንን አይቶ ይህ ከቴሌግራም ነው፣ ይህ ከስቲከር ነው ብሎ ይለያል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጉግል አናሊቲክስ የሚባለው የጎብኚ መቁጠሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ በነፃ አለ። መረጃው ከእጄ እንዳይወጣ የሚል በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጭነው ማቶሞ የሚባልም አለ። ሥራው ግፋ ቢል የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ገንዘብ የለም የሚባለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የአንድ ባነር ማሳተሚያ እንኳ አይፈጅም።

ሬዲዮ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ጋዜጠኛው ጥሩ ድምፅ ነበረው፣ መልእክቱንም አሳምሮ አነበበው። አድራሻው ላይ ሲደርስ ግን «ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው» ብሎ ጀመረና በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን የአማርኛ ስም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ሰሚው ምን ብሎ ይጻፈው? «ጤና»ን አንዱ በቲ፣ በኢ፣ በኤንና በኤ ይጽፈዋል፣ ሌላው መሃል ላይ አይ ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ኢን ይደግማታል። እኛ የያዝነው አንዱን ብቻ ነበር። የተሳሳተ አድራሻ የጻፈ ሰው ደግሞ የእኛ ቆጣሪ ላይ አይታይም። ሞክሮ መቅረቱን እንኳ አናውቅም። ለሬዲዮ የሚሆነው ወይ በጣም አጭርና አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለው ስም ነው፣ ወይም «ጉግል ላይ እንዲህ ብላችሁ ፈልጉ» ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ በተለመዱት የስህተት አጻጻፎች ያሉትንም የድረ ገጽ ስሞች መግዛትና ወደ ትክክለኛው እንዲያመሩ ማድረግ ነው፤ ያኔ ስህተቱም ይቆጠራል።

ስቲከሩን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ያሉ ባጃጆች ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነበር። የሚሮጥ ባጃጅ ጀርባ ላይ ያለ ኪውአር ኮድ ማን ስካን ያደርጋል? በኋላ ጥቂቶቹን ወደ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አዛወርናቸው። አንድ ቀን ወደ ፒያሳ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስቲከሩን አየችው። ስልኳን አወጣች፣ ካሜራውን ከፈተች፣ አነጣጠረች። ከዚያ «ውይ፣ ፓኬጄ አልቋል» አለችና ስቲከሩን ፎቶ አንስታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤት ገብታ ዋይፋይ ስታገኝ ከፍታው ይሆናል። በፎቶው ላይ ያለውን አድራሻ በእጇ ከጻፈችው ግን ቆጣሪው «ቀጥታ የገባ» ይላታል እንጂ ከባጃጅ የመጣች አይላትም። ስቲከሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ምስጋናው ግን ለሌላ ሄደ። ስቲከሩ ላይ በጽሑፍ የሚታየውም አድራሻ ከባነሩ የተለየ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ «ቀጥታ የገባ» የሚባለው ሳጥን ብዙ ሰው ያሳስታል። አድራሻውን አውቀው የሚመጡ ታማኞች ይመስሉናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቆጣሪው ከየት እንደመጡ ማወቅ ያቃተው ሰዎች የሚጣሉበት ቦታ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ምልክት የሌለው ሊንክ ሼር ሲደረግ፣ በኤስኤምኤስ ሲላክ፣ ብዙው እዚያ ይገባል። ቦታ የሚያሳየውንም ሳጥን በጥንቃቄ ነው ማየት። በሞባይል ዳታ የገባ ሰው ሐዋሳ ተቀምጦ አዲስ አበባ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ባነሩን ሐዋሳ ሰቅላችሁ «ከአዲስ አበባ ብዙ ሰው ገባ» የሚል ብታዩ አትገረሙ።

እና እኔ የምለው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡት። ባለፈው ባነሩም፣ ሬዲዮውም፣ ፌስቡኩም፣ የእግር ጉዞውም የዓለም የደም ግፊት ቀን በሚውልበት በግንቦት 9 ሳምንት ላይ ተደራረቡ። ቁጥሩ በዚያ ሳምንት ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ። በምን ከፍ አለ? ማንም አያውቅም። አንድ ሳምንት ሬዲዮ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት ዝምታ፣ ከዚያ ስቲከር ብቻ ቢባል ኖሮ ደረጃውን በዓይን ማየት ይቻል ነበር። ስቲከሩንም መጀመሪያ በአንድ መስመር ባጃጆች፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ለየመስመሩ የራሱን ምልክት እየሰጡ። ለእግር ጉዞ የሚያምር ፎቶ ይቀንስብናል፣ እሱ እውነት ነው።

የተከፈለበት የፌስቡክ ማስታወቂያ ላይ የሚመጣውን ክሊክም እንዳለ አትመኑት። አንዳንዱ እጅ አዳልጦት የተነካ ነው፤ ከፍቶ ወዲያው ይወጣል። ጉግል አናሊቲክስ አሁን ባለው ስሪቱ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየን፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ገጽ ያየን፣ ወይም እኛ ዋና ብለን የመረጥነውን ነገር ያደረገን ጉብኝት ለብቻው ያሳያል። የእኛ ዋና ነገር ምን ይሁን ብለን ተከራክረን የወሰንነው «ግፊትዎን የት ይለኩ» የሚለው ገጽ መከፈቱን ነው። እዚያ የደረሰ አንድ ሰው ለእኔ ገብተው ከወጡ መቶ ሰዎች ይበልጥብኛል።

ከሁሉም የጠቀመን ግን ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንደሚመጣ ማየታችን ነው። ባነራችን፣ ሬዲዮአችን፣ ገጻችን፣ ሁሉም «የደም ግፊት» ይላል። ከጉግል የሚመጡት ግን የሚጽፉት «ደም ብዛት» ነው። ለካ እናቶቻችን ቤት ውስጥ የሚጠሩትን ስም እኛ ከጽሑፋችን አውጥተነዋል! አክስቴም «ደም ብዛት» ነበር የምትለው። ርዕሱን አስተካከልን፣ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን አስገባን። በሲዳምኛም ሰው በቤቱ የሚለውን ጠይቀን መጻፍ እንዳለብን የገባን ያኔ ነው። አንድ ብር አልወጣበትም።

«ድረ ገጹን ሳይከፍት ከሬዲዮው ብቻ የተማረ ሰውስ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት ስለ ጥንቃቄው ይነገረን ነበር። ያንን ለመስማት ድረ ገጽ አላስፈለገንም። ማስታወቂያው ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ የጎብኚ ቁጥር ይህን አይዝም። ለዚህ ነው ከስክሪኑ ወጥቶ ሰውን መጠየቅ የሚያስፈልገው። ግን ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። የሰው ጤና ምስጢር ነው። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ምን አንብቦ እንደወጣ እየተያያዘ መሰብሰብ የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጤና ደግሞ ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች አንዱ ነው። እኛ የምንፈልገው ድምር ነው፣ ድምር ያለ ስም ይሠራል።

አሁን አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ነርስ እየረዳችን ነው። ግፊት የምትለካበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጣለች። ስም የለበትም። ሬዲዮ፣ ባነር፣ ባጃጅ፣ ቴሌግራም፣ ጤና ኤክስቴንሽን፣ «ሌላ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ለመለካት የመጣውን ሰው ትጠይቅና ጭረት ታደርጋለች። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ አዛውንት ገቡ። እጅጌያቸውን እየሰበሰበች «አባባ፣ ዛሬ ለመለካት ምን አመጣዎት?» አለቻቸው። «ልጄ ናት። ከስልኳ ላይ አንብባ ካልሄድክ ብላ አስቸገረችኝ» አሏት። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ሰውዬው ድረ ገጹን አይተውት አያውቁም፣ ከየትኛውም ዓምድ አይገቡም። ወረቀቱን ተቀበልኩና ዳር ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ «ቤተሰብ ነግሮኝ» ብዬ ጻፍኩበት። የመጀመሪያውን ጭረት እሷ አደረገች፣ ከዚያ ግፊታቸውን ለካች።