«መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ»

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፎቶዎቹ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ምኑም ምኑም አልከፈት ብሏል። ከየፋይሉ ስም ኋላ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ደግሞ አንድ አጭር ጽሑፍ ተቀምጧል፦ 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ ግማሹ ይቀርልሃል። «ስቶፕ» የሚባለው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። ይሄ ራንሰምዌር በዋናነት የሚታወቀው በክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ ለመጠቀም ቁልፉን በሚሰብር ፋይል) ውስጥ ተደብቆ በመግባት ነው። ጓደኛዬም ከአንድ ቀን በፊት ለቪዲዮ ማቀናበሪያ ክራክ አውርዶ ነበር።

«ተጠንቅቄ ብጠቀምስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ክራክን በጥንቃቄ መጠቀም የሚባል ነገር አለ ብዬ አላምንም።

እስቲ አወራረዱን አስታውሱት። ፋይሉ በዚፕ ታሽጎ ይመጣል። የይለፍ ቃል አለው፣ ብዙ ጊዜ 1234። ሰው እንዳይከፍተው ቢሆን ኖሮ ቃሉ እዚያው ባልተጻፈ ነበር። የተቆለፈው አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ ነው። ከዚያ መመሪያው ይቀጥላል፦ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ፣ ቀጥሎ እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቱት። በሌላ አነጋገር፣ ዘበኛውን አሰናብታችሁ የቤቱን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው ስጡ ነው የሚላችሁ።

እርግጥ አንቲቫይረስ አንዳንዱን ክራክ ክራክ ስለሆነ ብቻ ያግደዋል። እኔን የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። ማስጠንቀቂያን ማለፍ ከለመድን፣ እውነተኛው ቫይረስ የመጣ ቀን በምን እንለየዋለን? ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች በሚፈትሸው ድረገጽ፣ ቫይረስቶታል ላይ መመርመር ጥሩ ነው፣ ግን ትናንት የተሠራ ቫይረስ እዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ፈቃድ ሳይገዛ ዊንዶውስን አክቲቬት የሚያደርጉትን ፕሮግራሞች፣ አክቲቬተሮችንም እንይ። ኬኤምኤስ ራሱ ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የሠራው ሕጋዊ አሠራር ነው። ኮምፒውተሩ ቢያንስ በ180 ቀን አንዴ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት። አክቲቬተሩ ያንን ሰርቨር አስመስሎ ያታልለዋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኬኤምኤስፒኮ የተባለውን አክቲቬተር ነኝ የሚል ፋይል «ክሪፕትቦት» የተባለ መረጃ ሰራቂ ይዞ ሲዞር ተገኝቷል። እንዲህ ያለው እንደ ራንሰምዌር አይጮህም። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችኋቸውን የይለፍ ቃሎችና ኩኪዎች (አንዴ ከገባችሁ በኋላ ድረገጹ የሚያስታውሳችሁ ትንንሽ ፋይሎች) ይዞ ይሄዳል። ኩኪው ሌባው እጅ ከገባ የይለፍ ቃልም የስልክ ኮድም ሳይጠየቅ አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ደግሞስ ይሄ ሁሉ ለምን? ዊንዶውስ አክቲቬት ሳይደረግም ይሠራል፤ ጥግ ላይ አንድ ጽሑፍ ይታያል፣ የዴስክቶፕ ምስል መቀየር ይከለከላል፣ በቃ። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ አለ። ለመልመድ ሳምንት ይፈጅባችሁ ይሆናል። ይፍጅ።

ክራኩን አንዴ ከፍታችሁት ከሆነ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ከኢሜይላችሁ ጀምራችሁ የይለፍ ቃሎቻችሁን ቀይሩ፣ ከተከፈቱ አካውንቶች ሁሉ ውጡ። ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሰርዛችሁ ዊንዶውስን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ እንደ አዲስ ጫኑ።

ከጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ለአማካሪው በኢሜይል ልኮት የነበረውን ሁለት ምዕራፍ አገኘንለት። ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም።