ልጁ «ከነዚህ ውስጥ የሉም» ብሎ ነበር

ወገኖቼ፣ «በዓይኑ ያየ ሰው አለ» ሲባል ጥያቄያችንን የምናቆመው እስከ መቼ ነው?

ግንቦት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ ሰው በአንድ የሰፈር ሱቅ ደጃፍ ተገደለ። ፊቱ ላይ የሚያቃጥል ፈሳሽ ተረጨበት፣ ተደበደበ፣ በጥይት ተመታ፣ የያዘውም ገንዘብ ተወሰደ። ለዚህ ወንጀል ሪኪ ጃክሰንና ሁለቱ ወንድማማቾች ዋይሊ እና ሮኒ ብሪጅማን ተከሰሱ። ትልቁ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከግድያው ጋር የሚያገናኛቸው ቁሳዊ ማስረጃ አልነበረም። የነበረው አንድ ምስክር ነው፤ ዕድሜው 12።

ልጁ ግን አላየም። ተኩሱን የሰማው ትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ነው። የተጠርጣሪዎቹን ስም የነገረው ጓደኛው ነው፤ እሱም ሰፈሩን የረዳ መስሎት ለፖሊስ «አውቃቸዋለሁ» አለ። ተጠርጣሪዎች ተሰልፈው እንዲለይ ሲጠየቅ ግን የልጅ ልቡ እምቢ አለው። ከተሰለፉት መካከል የሉም አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። መርማሪዎቹ ለብቻው ክፍል አስገብተው ጮኹበት፣ ጠረጴዛ መቱበት። አንተ ለእስር ትንሽ ነህ፣ ወላጆችህን ግን «የሐሰት ቃል ሰጥተዋል» ብለን እናስራቸዋለን አሉት። ከዚያ ቃሉን እነሱ ጻፉት፤ ልጁ ፈረመ። በችሎት አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ከግድያው በፊት ሱቁ አጠገብ ሁለት ሰዎች ማየቷንና ከተከሳሾቹ መካከል እንዳልሆኑ ተናግራ ነበር። የታመነው የልጁ ቃል ነው። ሦስቱም ሞት ተፈረደባቸው።

ያን ልጅ ለመውቀስ አልደፍርም። ይቅር ማለት ያቃተኝ «የሉም» የሚለውን ቃል በጆሯቸው ሰምተው «አሉ» ብለው የጻፉትን ትልልቅ ሰዎች ነው። ምስክሩ አንድ ነበር፤ ምስክርነቱን የሠሩት እጆች ግን ብዙ ናቸው።

እኛስ? በእኛም አገር ፍርድ ቤት ምስክርን ይመዝናል እንጂ አይቆጥርም፤ አንድ ሰው የታመነ እንደሆነ ይበቃል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል ነው ብሎ ነበር። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 539 ለከባድ ግድያ የሚያስቀምጠው ቅጣት ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ይህን ያህል ሸክም በአንድ ሰው ዓይን ላይ የምንጭን ከሆነ ዓይኑን መመርመር ግዴታችን ነው።

ምን ያህል ጊዜ አየው? ከስንት እርምጃ? መብራቱ ከየት በኩል ነበር? የሚከልል ነገር ነበር? ቀድሞ ያውቀው ነበር? ካየበት እስከለየበት ስንት ቀን አለፈ? የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በተርንቡል ጉዳይ እነዚህ እንዲመረመሩ ያዘዘው በ1968 ዓ.ም. ነው። መሣሪያ በተመዘዘበት ቦታ ዓይን የሚሄደው ወደ መሣሪያው ነው፤ ፊቱ ይደበዝዛል።

ተጠርጣሪውን ለብቻ አቁሞ «ይህ ነው?» ማለት መልሱን በአፍ ማጉረስ ነው። አንድ ተጠርጣሪ ቢያንስ ከአምስት ሌሎች ጋር ይሰለፍ፤ ሌሎቹም ምስክሩ በተናገረው መልክ ይምሰሉት። ምስክሩ «ጺማም» ብሎ ከተሰለፉት ጺም ያለው አንዱ ብቻ ከሆነ ሰልፉ ጣት መቀሰር ነው። የሚያሳየው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ አይወቅ፤ ሳያስበው በዓይኑ ይጠቁማልና። ምስክሩ አስቀድሞ «ሰውየው ላይኖር ይችላል» ይባል። ሲናገርም የመጀመሪያ ቃሉ እንዳለ ይጻፍ፤ «እሱ ይመስለኛል» ካለ «ይመስለኛል» የምትለዋ ትጻፍ። አንድ ሰው «ጎበዝ፣ አገኘኸው» ካለው በኋላ ያቺ ጥርጣሬ ትጠፋለች፤ ችሎት ሲቆም በሙሉ ልብ ይምላል፣ ዳኛውም ያንን ልበ ሙሉነት እንደ እውነት ይወስደዋል። ሁለተኛ ጊዜ ማሳየትም አደጋ ነው፦ ፊቱን የሚያውቀው ከወንጀሉ ቦታ ይሁን ከመጀመሪያው ሰልፍ እሱ ራሱ አይለይም።

እኛ የሕግ ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ አውቀንም ስንት መዝገብ ዝም ብለን አሳልፈናል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 149 ፍርድ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ያልታመነበትን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። «ምስክሩ ታማኝ ሆኖ አግኝተነዋል» የሚል አንድ መስመር ምክንያት አይደለም። የሚያሳፍረን ግን ከዚህም በፊት የሚሆነው ነው። ያ ልጅ ስሙን ያገኘው ከወሬ ነው። ልቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሬሳው ሳይቀበር «እከሌ ነው አሉ» እያልን ስም የምናቀብለው እኛ ነን። በማግስቱ ያ ስም በአንድ ምስክር አፍ ላይ ፊት አውጥቶ ይመጣል። ምስክሩ ተጠራጥሮ ቢመለስ ደግሞ «ስንት በላ?» እንለዋለን። በአንድ በኩል የሐሰት ምስክርነት ቅጣት፣ በሌላ በኩል የእኛ ስድብ፤ በየት በኩል ይመለስ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። የክሊቭላንዱ 39 ዓመት አደረ። የሞት ፍርዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ ባይለወጥ ኖሮ የሚጠብቀው ሰውም አይኖርም ነበር። ልጁ አርጅቶ፣ ታሞ፣ ለፓስተሩ ተናዘዘ፤ ከዚያ ችሎት ቆሞ እያለቀሰ «ምንም አላየሁም» አለ። ሪኪ ጃክሰን ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ተፈታ። ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. ለሦስቱ 18 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። 18 ዓመቱ ላይ የገባ ሰው በ57 ዓመቱ ወጥቶ ገንዘቡ ምኑን ይመልስለታል?

ጃክሰን ግን ምስክሩን ይቅር አለው። እኔን ከነድካሜ ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው። ዛሬም በሆነ ቦታ «ተሳስቼ ይሆን?» እያለ እንቅልፍ ያጣ ምስክር አለ። እባካችሁ፣ የእናንተን በር ሲያንኳኳ አትስደቡት፤ ውሃ ስጡትና ከየት ቆሞ እንዳየ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት።