ኧረ ቀሪ ሂሳባችንን ፎቶ አታንሱብን!

ደሴ ፒያሳ ቁርስ በልቶ በቴሌብር የከፈለ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አስተናጋጇ ስልኳን ታወጣና የእሱን ስክሪን ፎቶ ታነሳለች። ምን እንደተነሳ ግን ማንም ልብ አይልም። የማረጋገጫው መልእክት ላይ ያለው የከፈለው 180 ብር ብቻ አይደለም። ስሙ አለ፣ ቀኑና ሰዓቱ አለ፣ ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ አካውንቱ ላይ የቀረው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። ይሄ ሁሉ ማታ "ለሂሳብ" ተብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። የስንቱ ሰው ኪስ በስንቱ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል!

በጣም የሚያናድደው ፎቶው የምግብ ቤቱን ባለቤትም ከመጭበርበር አለማዳኑ ነው። ስክሪንሾት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል፤ የትናንቱ መልእክትም ቀኑን የሚያይ ከሌለ የዛሬ ሆኖ ያልፋል። ገንዘብ መግባቱ የሚታወቀው በተቀባዩ አካውንት እንጂ በከፋዩ ስልክ አይደለም። ስለዚህ ክፍያ የሚቀበለው ስልክ በባለቤቱ ኪስ ኮምቦልቻ መውረዱ ቀርቶ ካሸር ጋ ይቀመጥ። ደንበኛው ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበትን የግብይት ቁጥር ያንብብ፣ ካሸሩ ከገቢ ዝርዝሩ ጋር ያመሳክር፤ አለቀ። ኔትወርክ ከጠፋ ቁጥሩንና የብሩን መጠን ወረቀት ላይ ጽፎ በኋላ ማየት ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እኮ ወጥቷል! ለአንድ ሰሃን ፉል የሰው ገመና ለምን ይገለጣል? ከፋዮችም ስልካችሁን ከእጃችሁ አታውጡ፤ ቁጥሩን አንብቡ፣ የቀሪ ሂሳቡን መስመር በአውራ ጣት ሸፍኑ።