ለኋላ ፓራፋንጎ የውስጥ ጠርዝ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ሚዜ መሸከም ስላለመቻልዎ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ ሱባሩ ኤስቲአይ በምትባል ፈጣን መኪና ላይ ሰፊ ቸርኬ ያሰርን የሰሜን ቨርጂኒያና የሜሪላንድ ነዋሪዎች ነን። ብዙዎቻችን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ መኖርዎን እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር። ፓራፋንጎ የሚታየው ከውጭ ነው፤ ይወለወላል፣ ያበራል፣ ፎቶ ይነሳል። ከውስጥ ወደ ጎማው የታጠፈች፣ ከትንሽ ጣት ስፋት የማትበልጥ ላሜራ ተደብቃ እንደምትጠብቅ ማን ይነግረናል? ቸርኬውን የሸጠልን አልነገረንም። ያሰረልንም አልነገረንም።

የቅዳሜውን ጉድ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም በመዝገብ ይያዝልን።

የአንዱ ባልደረባችን የ2016 ኤስቲአይ በሰርግ አጀብ ሁለተኛ ተሰልፋለች። ታጥባለች፣ ሪባን ታስሮላታል። ከኋላ ሦስት ሚዜ ተጣቦ ተቀምጧል፤ ከሦስቱ አንዱም ምሳ የዘለለ አይመስልም። ፊት አንድ ዘመድ፣ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ደግሞ ሁለት ካርቶን ውሃ። የአዳራሹ በር ላይ ያለችው ጉብታ ከሩቅ ሲያዩዋት የምታሳዝን እብጠት ናት። አጀቡ ቀስ አለ። የፊት ጎማ ወጣ፣ ወረደ፤ ምንም የለም። የኋላው ወጣ፣ ወረደ፣ ሞላው ተጨመቀ፤ ያኔ እርስዎ ንግግር ጀመሩ። ጥርርርርርክ! ቀጥሎ ጭስ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ሲንጫጫ የነበረው ክላክስ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

የሙሽራዋ አክስት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እንዲህ የምትጮኸው ጎማ አንሷት ነው?» አሉ። በዝቶባት ነው እትዬ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የተከተለው ነው። ሚዜዎቹ መውረድ ነበረባቸው። አንዱ ሲወርድ የመኪናዋ ጀርባ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሁለተኛው ሲወርድ ትንሽ፤ ሦስተኛው ሲወርድ ከሸክም እንደተገላገለች አህያ ተነፈሰች። ከዚያ ባዶዋን፣ ኮሽ ሳትል፣ ጉብታዋን ተሻግራ ሄደች። ሦስቱ በሙሉ ሱፍ ከኋላዋ በእግር ተከተሏት። ቪዲዮ አንሺው አንዲት ሰከንድ አላመለጠችውም፤ የእርስዎ ድምፅ ከእልልታው ቀጥሎ ለልጅ ልጅ ተቀምጧል።

እንግዲህ እንተሳሰብ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ቸርኬዋ 18 በ8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቷ (የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ወደ ውጭ ያለው ርቀት) 55 ሚሊ፣ ጎማዋ 245/40 (ወርዱ 245 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 40 በመቶ) ነበር። አሁን ያለው 18 በ9.5፣ ኦፍሴት 38፣ ጎማ 265/35 ነው። ቸርኬው በ1 ኢንች ሰፋ፤ ግማሹ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ወደ እርስዎ መጣ። ኦፍሴቱ በ17 ቀነሰ፤ ያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ እርስዎ መጣ። ድምሩ 29.7 ሚሊ ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቸርኬ በእርስዎ ግቢ ሰፈረ። ከውስጥ፣ በሾኩ በኩል፣ በአንጻሩ 4.3 ሚሊ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ተፈጠረ፤ ማንም አይጠቀምበትም። ኦፍሴቱ 45 ቢሆን ኖሮ ወደ ውጭ የሚወጣው 22.7፣ ወደ ሾኩ የሚጠጋው 2.7 ብቻ ይሆን ነበር። ግን 38 «ፓራፋንጎውን ትሞላለች» ተባለ። ሞላች። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም እንደሆነ እናምናለን፤ በፎቶ አምሮብን ነበር።

ቁመቱን በተመለከተ እኛን መክሰስ አይችሉም። 245/40 ከዳር እስከ ዳር 653 ሚሊ ነው፤ 265/35 ደግሞ 643፤ የጎማው አናት እንዲያውም 5 ሚሊ ከእርስዎ ራቀ። (በዚህ የተነሳ ሰዓቱ 100 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 98 ገደማ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ይጠቅማል።) ያተረፍነውን 5 ሚሊ ግን 25 ሚሊ የሚያወርድ አጭር ሞላ ገዝተን በላነው። 265/40 ያሰረ ሰው ካለ 669 ሚሊ ላይ ነው ያለው፤ እሱን ፈጣሪ ይርዳው።

ጎሚስታው ቤት ፈተና ተደርጎ ነበር እኮ። መኪናዋ ባዶዋን ቆማ መሪው ግራ ቀኝ ተጠመዘዘና «ነጻ ነው» ተባለ። በባዶ መኪና የተለካ ክፍተት የእግዜር ሰላምታ ነው፤ ቁም ነገር የለውም። ደንበኛው አሠራር ሞላውን ከሾኩ አውልቆ፣ ሾኩን ብቻውን መልሶ፣ ጎማውን አስሮ፣ እግሩን በክሪክ ጉዞው እስከሚያበቃበት የላስቲክ ማቆሚያ ድረስ ማንሳት ነው። ያኔ የት እንደሚነካ በዓይን ይታያል። ሞላ ማውለቅ የሰነፈ ደግሞ የልጆች መጫወቻ ሊጥ ከእርስዎ ሥር ይለጥፍ፣ አራት ሰው ይጫን፣ ጉብታ ይሻገር፣ ከዚያ ሊጡ ስንት ሚሊ እንደቀረ ይለካ። ከ5 በታች ከሆነ ሰርግ አይሂድ።

ጎማው በነጋታው ሲወልቅ የውጭ ትከሻው ዙሪያውን ተልጦ፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ብቅ ብሎ ተገኘ። ክሩ የታየ ጎማ ኢንስፔክሽን አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። እሺ፣ አንድ ጎማ ይገዛ? አይሆንም። ይቺ መኪና በአራቱም እግሯ የምትጎትት ናት። የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ከ6.35 ሚሊ እንዳይበልጥ ሱባሩ ያዛል። ያ በጎማ ጥርስ ሲመነዘር 1 ሚሊ ጥልቀት ነው። አንድ ሚሊ! የቀሩት ሦስቱ ጎማዎች 3 ሚሊ ተበልተዋል። አንድ አዲስ ቢቀላቀል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያከፋፍለው የመሃል ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዕረፍት አጥቶ ሲፈተግ ይውላል። ሌላው አማራጭ አዲሱን ጎማ በማሽን ልጦ ከአሮጌዎቹ ጋር ማስተካከል ነው፤ አዲስ ገዝቶ፣ ለማስረጀት ደግሞ ሌላ ገንዘብ ከፍሎ።

አንድ ጎማ ቆረጥክ፣ አራት አስገዛህ። አዎ፣ አንተ ነው ያልነው። መኪናዋ ውስጥ አምስት ነፍስ ነበር። ያ ትከሻ የተላጠው ጉብታ ላይ በመሆኑ ተሳቀ። በ95 ሀይዌይ መታጠፊያ ላይ፣ በ65 ማይል፣ ያው ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነበር። «ትንሽ ይነካል፣ ራሱ ይለምዳል» ያለውም ሰው ይህን ያንብብ። ጎማ አይለምድም። ይላጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

ይቅርታ፣ ወደ እርስዎ እንመለስ።

ሌላውን ቅሬታ አናስረዝምም። የገዛነው ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 73.1 ሲሆን የሱባሩ 56.1 ነው፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ቀለበት ሳይገባ የታሰረለት ሰው መሪው በሀይዌይ እንደ ወባ በሽተኛ ሲንቀጠቀጥ ሦስት ጊዜ ባላንስ አሠርቷል። የቶዮታ ዳዶ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ነው፣ የሱባሩ 1.25፤ የቶዮታው ዳዶ በአየር መፍቻ «እንቢ ካለ ግፋ» የተባለበት ቡሎን ዛሬ በሕይወት የለም። ዳዶ በእጅ በደንብ ሳይገባ መፍቻ አይነሳበትም፤ ከ100 ኪሎ ሜትር መንገድ በኋላም እንደገና ይጠበቃል። ሰፊው ጎማ ድንጋይ እየወረወረ በርዎን የሚልጠው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ በተቦረቦረ መንገድ መሪ የሚነጥቀው ሌላ ጊዜ ይነሳል።

ሽማግሌዎች «በካምበር ታረቁ» እያሉ መጥተዋል። አንድ ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር፣ ማለትም ጎማውን ወደ ውስጥ ማዘንበል፣ የጎማውን አናት 5.6 ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ምክሩ መጥፎ አይደለም። ዳሩ ግን ከፋብሪካ የመጣው የኋላ እግር የካምበር ማስተካከያ የለውም፤ የሚስተካከል ክንድ መግዛት ሊኖር ነው፣ ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ የውስጡ ትከሻ ሲበላ ማየት። እርስዎ ውጩን በልተው፣ እሱ ውስጡን ይብላ?

ስለዚህ ውሳኔያችንን እነሆ። የፊት ፓራፋንጎ ቢሆኑ ኖሮ በቡሎን ፈትተን እንለውጥዎ ነበር። እርስዎ ግን ከመኪናዋ አካል ጋር የተበየዱ ነዎት፣ ኤስቲአይ ደግሞ ከ2021 ሞዴል ወዲህ አይሠራም፤ ስለዚህ በክብር ነው የሚታጠፉት። ጎማው ይወልቃል። ጭቃዎ ይታጠባል። የማጠፊያው መሣሪያ ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ ላይ በጎማው ዳዶዎች ይታሰራል። ቀለምዎ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት እስኪደርስ በሙቅ አየር ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ቀለም ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነውን የበረዶ ማቅለጫ ጨው ይጠጣል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዝገት ነው። ሮለሩ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ እየተጫነ፣ ወደ ላይ ያጥፍዎታል። የቸኮለ ሰው የውጩን ላሜራ ሞገድ ያደርገዋል። በጎማና በፓራፋንጎ መካከል የቤዝቦል ዱላ አስገብቶ መኪናውን የሚገፋም አለ፤ ዘነዘና ቢያስገባም ያው ነው። ሲያበቃ የተላቀቀው ማሸጊያ ይታደሳል፣ ፀረ ዝገት ይቀባሉ። የባምፐሩ ጫፍ ከእርስዎ ጋር የሚገናኝባት ብሎን ያለባት ጆሮም አትረሳም፤ እርስዎ ታጥፈው እሷ ከቀረች ጎማው እሷ ላይ ይቆረጣል።

የቀጠሮው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወረፋ የለም፣ ፎርም አይሞሉም። ከእኛ ይልቅ ዕድለኛ ነዎት።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ 265ቶቹ

ግልባጭ፦
ለኦፍሴት 38፤ ድርሻዎ ተመዝግቧል።
ለጎሚስታው፤ ሊጥ ተልኮልዎታል።
ለሦስቱ ሚዜዎች፤ ለጥር 13 ሰርግ ሚኒቫን ተይዟል።